ቀዛፊዎቹ ይዘፍናሉ ወይ? ከሄንደርሰን ቬኒስ ለአንድ ቀን

ቬኒስን ያየሁት በአንድ ቀን ነው። ይህን ለመጻፍ ቁጭ ብድግ ስል ግን ብርዱ ወጥቶ የኔቫዳ ሙቀት ገባ። ቀን የምውለው ሆስፒታል ወጥ ቤት ነው። ማታ ብዕር ሳነሣ አንድ ዓረፍተ ነገር እጀምርና መሃሉ ላይ ወደ መስኮቱ ማየት እጀምራለሁ። መስኮቴ የሚያሳየው የጎረቤት ጋራዥ ነው። ቢሆንም የማኅበራችን ሴቶች፣ "አገር ቤት አስተማሪ ነበርሽ፣ ያየሽውን ጻፊልን፤ እኛ እንደሁ አንሄድም፣ ጉልበታችን ደረጃ አይወጣም" ስላሉኝ፣ ለጉልበታቸው ስል ጻፍኩ።

ለማያውቅ ሰው፣ ላስ ቬጋስ የራሱ ቬኒስ አለው። ስትሪፑ በሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ቬኒስን አስመስለው የሠሩት ሆቴል ነው። ቦዩ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ካዚኖ አለ። ሰማዩ ቀለም የተቀባ ጣሪያ ነው። ቀኑን ሙሉ ሊመሽ ሲል ይመስላል፣ ግን አይመሽም። ባለመስመር ካናቴራ የለበሱ ቀዛፊዎች እንግዳ አሳፍረው እየዘፈኑ ይወስዳሉ፣ እየዘፈኑ ይመልሳሉ። ባለቤቴ ጌታሁን እዚያ ቫሌ ነበር፤ የእንግዶችን መኪና ተቀብሎ ፓርክ ያደርጋል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር።

በዚያ ሁሉ ዘመን ጀልባው ላይ አንድም ቀን አልተሳፈረም። "ምን በወጣኝ፣ በዩኒፎርሜ?" ይላል። ዩኒፎርሙን ያወለቀ ቀን ደግሞ፣ "የውሸቱን ምን ላድርገው፤ እውነተኛው ላይ እንሳፈራለን" ይላል። በእውነተኛው ጉዳይ ግን ተስማምተን አናውቅም። እኔ እዚያም ይዘፍናሉ እላለሁ። እሱ አይዘፍኑም ይላል። "ሥራ ላይ ያለ ሰው አይዘፍንም፣ የሺ። የእኛዎቹ የሚዘፍኑት ሥራቸው መዝፈን ስለሆነ ነው።" ክርክሩ ትዳራችንን ያህል ቆየ። ሄደን እናያለን ተባብለን ተውነው።

ሺፍቱ ሲያልቅ ሁልጊዜ ይደውላል። ከኋላው የቀዛፊዎቹ ዘፈን ይሰማኛል። "ሽሮውን ጣጂው፣ ወጣሁ" ይለኛል። ከስትሪፑ እኛ ወደምንኖርባት ወደ ሄንደርሰን እስኪደርስ ሽሮው ልክ ይበስላል፤ መንገድ ከተዘጋጋ ብቻ ትንሽ ይወፍራል። ባለፈው ዓመት ፋሲካ እንዳለፈም አንድ ቀን እንዲሁ ደውሎ ጣጂው አለኝ። ጣድኩት። ቀጥሎ የደወለው ሌላ ሰው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እቤታችን ሽሮ ተጥዶ አያውቅም። ልጄ ሜላትም አትጠይቀኝም።

ዝግጅቱ

ሜላት ኤርፖርት ውስጥ ለአንድ አየር መንገድ ትሠራለች። የሠራተኛ ወላጅ አውሮፕላኑ ላይ ወንበር ከተረፈ በነጻ ይሄዳል፤ ካልተረፈ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጌታሁን ካረፈ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት፣ ቬኒስ ድረስ የሚተርፍ ወንበር አገኘችልኝ። ለመመለስ ግን የሚተርፈው ከአንድ ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሞልቷል።

"አንድ ቀን ይበቃል እማዬ። ፕላን አድርጌልሻለሁ" አለችኝና ስልኳን አሳየችኝ። ቀኔ በቀለም ተከፋፍሏል። ሰማያዊው ማየት ነው፣ ቢጫው መብላት፣ ቀዩ ሽንት ቤት።

"እዚህ ጋ ሙዚየም ታያለሽ፣ ከዛ ብሪጅ፣ ከዛ ምሳ ታደርጊያለሽ።"

"ምሳ ይበላል እንጂ አይደረግም።"

"ያው ነው። ሠላሳ ደቂቃ ነው ያለሽ።"

"መቀመጥስ የት አለ?"

ጣቷ ወደ ታች ወረደ። "ሐምራዊው። ጎንዶላ፣ ጀልባው። እዛ ትቀመጫለሽ።" ስልኳን አስቀመጠችና ጨመረች፤ "እና ለአባዬ ታያለሽ። ይዘፍናሉ፣ አይዘፍኑም።"

ሐምራዊውን እንጂ ሌላውን አልፈለግሁትም። አልነገርኳትም፤ ብዙ ደክማበታለች።

የተሳሳትኩት ለማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ለሙሴያችን ለእትዬ በለጡ ስነግራቸው ነው። የተናገርኩት ለአንድ ሰው ነበር፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ሄንደርሰን በሙሉ ያውቅ ነበር።

"ዓመቱ ሳይሞላ?" አሉኝ። "ሰው ምን ይላል?"

"ምን ይላል?"

"ባሏን ቀብራ ጣልያን ለሽርሽር ሄደች ይላል። እኔ ራሴ እላለሁ።"

ክፉ ሴት አይደሉም። ሐሜትን የሚጠሉት ከእሳቸው ቀድሞ ሲነሣ ብቻ ነው። አቀርቅሬ ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ቆይ፣ ማርቆስ እዚያ አይደለም እንዴ? ወንጌላዊው። አጥንቱን ከእስክንድርያ ሰርቀው የወሰዱት እነሱ አይደሉም? ያውም አሳማ ሥጋ ሥር ደብቀው።"

"ታዲያ የሌባ ቤት ልሳለም ነው?"

"እሱ ምን አጠፋ? ተሰረቀ እንጂ አልሰረቀ። ደግሞም ጠያቂ የለውም፣ ካቶሊክ መካከል ብቻውን ቀርቶ። ልትሳለሚ ነው የሄድሽው፤ ጨርሰናል።"

እንዲህ አድርጌ ከጎብኚነት ወደ ተሳላሚነት ተሻገርኩ። እፎይ ሳልል ቀጠሉ፤ "የእህቴ ልጅ ትዕግስትም እዚያው ቬኒስ ነች፣ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ትንሽ ነገር እልክልሻለሁ፣ አትከብድሽም።"

የመንገደኛ ሻንጣ የሕዝብ መሆኑን ረስቼው ነበር። ትንሿ ነገር ከመኪናቸው በሁለት ምልልስ ወረደች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ንጥር ቅቤ፣ ተልባ፣ የፀጉር ቅባት፣ ብርድ ልብስ የሚያክል ካፖርት፣ የአንድ ዓመት ቫይታሚን። ቬኒስ ውስጥ ማንንም የማያውቁ ሴቶችም "ለአገሯ ልጅ" እያሉ ጨመሩባት። በርበሬው ቬጋስ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ከአዲስ አበባ ጣልያን ከቬጋስ ጣልያን ይልቅ እንደሚቀርብ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬያለሁና አውቃለሁ። በርበሬው ግን ዓለምን ሊዞር ቆርጧል።

ሜላት ሻንጣውን ከፍታ ንጥር ቅቤውን ብቻ አወጣች። "ቅቤ አይገባም። ይጥሉታል።"

ቅቤው ፍሪጃችን ውስጥ ቀረ። ለራሴ ያሸከፍኩት አንድ ቀሚስና አንድ ነጠላ ነው፤ እነሱንም በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ ጠቅልዬ አስገባኋቸው።

ሐሙስ

ኤርፖርት ፍተሻው ላይ አንድ ወጣት ሻንጣዬን ከፈተና በርበሬውን አሸተተ። ያስነጥሰው ጀመር። "ይማርህ" አልኩት በአማርኛ፤ እንግሊዝኛው ቶሎ አልመጣልኝም። ጓደኛው መጥቶ እሱም አሸተተ፣ እሱም አስነጠሰ። ሦስተኛው ከሩቅ ሆኖ በእጁ "እለፊ" አለኝ።

በተረፈ ወንበር መሄድ ማለት ሁሉም ተጠርቶ ሲያበቃ መጠራት ማለት ነው። አንድ ሰው ሮጦ በመጣ ቁጥር ወንበሬን ሊወስድ የመጣ ይመስለኛል። ሰው አውሮፕላን እንዲያመልጠው ስጸልይ ራሴን ያዝኩትና ተውኩ፤ ትንሽ ቆይቼ ግን ቀስ ብዬ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ስሜን ጠሩ። ወንበሬ በሁለት ግዙፍ ሰዎች መካከል ነበር። አንደኛው ሳይጠይቀኝ ቦርሳዬን አንሥቶ ከላይ ሰቀለልኝ፣ ወዲያው ደግሞ ትከሻዬ ላይ አንቀላፋ። አልቀሰቀስኩትም። ትከሻዬ ላይ ሰው ከተኛ ቆይቷል።

ዓርብ

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ሜላት አልጋ የያዘችልኝ ቬኒስ ውስጥ አልነበረም፤ ከውሃው ወዲህ ባለችው በሜስትሬ ነው፤ ይረክሳል። ሜስትሬን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም፦ ሄንደርሰን ናት። ፎቅ ቤት፣ ፋርማሲ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ ከሥራ ተመልሶ የደከመ ሰው። ፎቶ የሚያነሣ የለም። ደስ አለኝ።

ጾም ስለነበር አውሮፕላኑ ላይ ዶሮዬን ለተኛው ጎረቤቴ ሰጥቼው ነበር፤ አሁን ግን ራበኝ። ከሆቴሉ ሥር አንዲት ትንሽ ፒዛ ቤት ገባሁና፣ "አይብ የሌለበት፣ ሥጋ የሌለበት፣ እንቁላል የሌለበት" አልኩ። ጋጋሪው ወደ ጥቁር ልብሴ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ያለበት ፒዛ አመጣልኝ። ጣልያኖች የጾም ፒዛ እንዳላቸው እትዬ በለጡ ቢሰሙ ስለ ማርቆስ ስርቆት ይቅር ይሏቸው ነበር። ልወጣ ስል ሰውየው በወረቀት የተጠቀለለ ሌላ ቁራጭ እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ለመንገድ ነው መሰለኝ። መንገዱ ሦስት ደረጃ ነበር፤ ክፍሌ ድረስ።

ቅዳሜ

ጠዋት አውቶቡሱን ግጥም አድርጎ የሞላው ሰው ቱሪስት አልነበረም። ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ የለበሱ አስተናጋጆች፣ ጫማቸውን በፌስታል የያዙ ቤት አጽጂዎች፣ ገና እንቅልፉ ያልለቀቃቸው ወጥ ሠሪዎች። ስትሪፑ ላይ ለጠዋት ሺፍት የሚገባው አውቶቡስ ራሱ ነው፤ ቋንቋው ብቻ ተለወጠ። ለካ ቬኒስም ሰው የሚሠራባት እንጂ የሚያድርባት አልሆነችም። የእኛዎቹ ሲቀዱ ቦዩንና ድልድዩን ብቻ የቀዱ መስሎኝ ነበር፤ አውቶቡሱንም አብረው ቀድተውታል። ወይም እነሱ ከእኛ ቀድተው ይሆናል።

አውቶቡሱ መንገዱ የሚያልቅበት ላይ አራግፎን ዞረ። ከዚያ ወዲያ መኪና የለም። ጌታሁን እዚህ ቢወለድ ኖሮ ምን ሠርቶ ይበላ ነበር ብዬ አሰብኩ።

የሜላት ዕቅድ ሻንጣ አልነበረበትም። ቬኒስ ውስጥ ሃያ እርምጃ የሚያህል ከተሄደ ድልድይ አለ፣ ድልድዩም ደረጃ ነው። የእኛው ቬኒስ ኤስካሌተር አለው። ሁለተኛው ድልድይ ላይ የሻንጣው አንድ ጎማ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ቆሜ አየሁት፤ ትንሽ ተንሳፈፈና ጠለቀ። አስቤዛውን በአንድ እጁ የያዘ ሽማግሌ ከኋላዬ ደረሰ። አንድ ነገር ተናገረና የሻንጣውን ሌላኛውን ጫፍ አነሣ። ያንን ድልድይም፣ የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም አብረን ተሻገርን፤ ሰውየው መንገዱን ሙሉ አፉን አልገታም። ድምፁ ስድብ ይመስላል፣ ምናልባትም ስድብ ነበር። ሻንጣውን ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። ሊለየኝ ሲል ኮፍያውን ብድግ አደረገ።

ስልኬ "ደርሰሻል" አለኝ። የደረስኩት ውሃ ፊት ነው። ቀና ስል ከቦዩ ማዶ፣ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ፣ አንዲት ሻሽ ያሰረች ልጅ ሁለት እጇን ታወናጭፋለች።

"እትዬ የሺ ነዎት?"

"ነኝ። በየት ልምጣ?"

"በቀኝ በኩል ዞረው፣ ሁለት ድልድይ ተሻግረው። ሰው ልላክልዎ እንዳልል ሰው የለኝም።"

"ደግሞ ሁለት ድልድይ?"

"ሻንጣው አክስቴ ያሉት ነው? ውይ እናቴ። እዚያው ይቁሙ፣ ሲኞራን አልጋ ላይ ላድርግና ልውረድ።"

ወርዳ በሩጫ ደረሰች። ሳትስመኝ በፊት ሻንጣውን ጭንቅላቷ ላይ አወጣችው፣ ከዚያ ሳመችኝ። ቱሪስቶች ፎቶ አነሡን። ባለ ሦስት ጎማውን ሻንጣ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ድልድዩን ስትወጣ ያዩን ሁሉ የቬኒስ ባህል ሳይመስላቸው አልቀረም።

ትዕግስት የምታስታምማቸው አሮጊት፣ ሲኞራዋ፣ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። ተነሥተው መስኮቱ ጋ ባለች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ጥቁሬን አዩና ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ጥቁር ሹራብ ጠቆሙ። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ወንበር ጎተት አድርገው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ከዚያ ምሳ ሆነ። ፓስታውን በላን፤ ጨረስን ስል ዓሣ መጣ። ዓሣው አለቀ ስል ትዕግስት የመጣላትን በርበሬ ፈትታ እንቁላል ሠርታ መጣች። ልመና ነው፣ ማስገደድ ነው፣ ጉርሻ ነው። ሲኞራዋ በርበሬውን ሲቀምሱ አሳላቸው፣ ዓይናቸውን ጠረጉና ሳህናቸውን መልሰው ዘረጉ። ስልኬ በየጊዜው ይንጫጫል።

"እማዬ፣ ሙዚየም ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ብሪጅስ አየሽ?"

"ተሸክሜ አየሁት።"

"አሁን ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምሳ እያደረግሁ ነው።"

ሠላሳ ደቂቃው ካለቀ ቆይቷል። ሰማያዊዎቹ በሙሉ አለፉ። መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ወደ ግድግዳው ሲዞር አይቼ መጨነቅ ጀመርኩ፤ በነጋታው ጠዋት በረራዬ ነው። ለትዕግስት ነገርኳት፤ የጌታሁንን ክርክር፣ ጀልባውን፣ ሌላ የምፈልገው ነገር እንደሌለ። ለሲኞራዋ ተረጎመችላቸው።

"ዘፈናቸው እዚህ መስኮት ድረስ ይሰማል ወይ በያቸው" አልኳት።

ሲኞራዋ ሳቁ። "እኔ ድሮም ጆሮዬ አይሰማም፤ ሂጂና ራስሽ ስሚ አሉ" አለችኝ ትዕግስት። ከዚያ እሳቸው ደግሞ ትዕግስትን አንድ ነገር ጠየቋት፣ እሷም አንገቷን ደፋች።

"ምን አሉሽ?"

"እዚህ ስትኖሪ ተሳፍረሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው። እኔ ምን በወጣኝ፣ ለሥራ የመጣሁ ሰው። ጀልባው የእንግዳ ነው።"

ይህን ቃል የት እንደሰማሁት ታውቃላችሁ። ሲኞራዋ አማርኛ ባያውቁም መልሱን ያወቁት ይመስላል። ልጃቸው ልትጠይቃቸው ስትመጣ እሷ ከእኔ ጋር ትቆያለች አሉንና በከዘራቸው ወደ በሩ አመለከቱ። ትዕግስት ካፖርቱን ለበሰችው። ልኳ ነበር፤ እትዬ በለጡ ለሐሜት ብቻ ሳይሆን ለልክም ዓይን አላቸው።

መጀመሪያ ማርቆስ፤ ቃል ቃል ነው። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ሰልፉ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ጭራው አይታይም። ሁሉም ቲኬት ይዟል፣ ሁሉም ቆሟል። ትዕግስት ሰማዩን አየች። "ወረፋውን ከያዝን ጀልባዎቹ ያመልጡናል። የትኛውን እናድርግ?"

አንደኛው የመጣሁበት ምክንያት ነው፤ ሌላኛው ለመምጣት የተፈቀደልኝ ምክንያት።

"አገራችን ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ መሳለም ቀርቷል እንዴ?" አልኳት። ነጠላዬን አጣፋሁ። ከሰልፉ ወጣ ብለን ወደ አንድ የውጭ ምሰሶ ሄድን፣ ሦስት ጊዜ ሰገድን፣ ምሰሶውን ሳምን። ስለ እትዬ በለጡ ጉልበት፣ ስለ ሜላት፣ ስለ ጌታሁን ነፍስ ለመንኩ። ማርቆስንም፣ ስለ አሳማው ሥጋ በእኛ በኩል ቂም እንደሌለ ነገርኩት። ዞር ስል ኮፍያ ያደረጉ ባልና ሚስት ከሰልፉ ወጥተው ከኋላችን ቆመዋል። ሴትዮዋ በጥንቃቄ ጎንበስ አለችና ምሰሶውን ሳመች፣ ባልየው ፎቶ አነሣት። ከዚያ ሌሎች መጡ። ስንሄድ ለምሰሶውም ሰልፍ ተጀምሮለት ነበር።

ጀልባዎቹ ጋ ስንደርስ ቀዛፊዎቹ ሸራ እያለበሷቸው ነው። ትዕግስት አንዱን ለመነችው። ጎልማሳ ነው፣ ፂሙ ሽበት ጀምሮታል፣ ባለመስመሩን ካናቴራ በሹራብ ሸፍኖታል። ሰዓቱን አየ፣ ጥቁሬን አየ፣ ሸራውን ገፈፈ። ክፍያው ለጀልባው እንጂ ለሰው አይደለም፤ ብቻዬን ብሆን ለባዶው ወንበርም እከፍል ነበር። ትዕግስትን ጎኔ አስቀመጥኳት። የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ እንደ ሕፃን ትስቃለች።

ውሃው ይሸታል፤ የእኛው አይሸትም። ሰማዩ በእርግጥ ይመሻል። በጠባቧ ቦይ ውስጥ ገባን፣ የሰው መስኮት፣ የተሰጣ ልብስ፣ የሚጮህ ቴሌቪዥን። እኔ የማዳምጠው ግን ከኋላዬ ነው። ቀዛፊው ዝም ብሏል። አንድ ማዕዘን ስንዞር ብቻ "ኦይ" ብሎ ጮኸ፤ ሌላ ጀልባ እንዳይገጨው ነው። ዘፈን ይከተል ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልተከተለም።

ትንሽ እንደሄድን ድምፁን ሰማሁ። ዞር አልኩ። መቅዘፊያውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ስልክ ያወራል።

"ምን ይላል?" አልኳት።

ትዕግስት ጆሮዋን ጣል አደረገች። "ሚስቱን ነው። ፓስታውን ጣጂው፣ ልወጣ ነው፣ ይላታል።"

አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ከዚያ ወደ ፊት ዞርኩ፣ ለጥቂት ጊዜም ምንም አላየሁም። ትዕግስት ዓይኔን አየችና እጄን ያዘች፤ አልጠየቀችኝም።

"ምን ያህል ይቀረናል?" አልኳት በኋላ።

"ገና ግማሹ ነው። ትልቁ ቦይ ላይ ያወጣናል፣ እዚያ ነው ውበቱ።"

"ይበቃናል በይው። ይመልሰን።"

"እትዬ የሺ፣ የከፈሉበት እኮ ነው።"

"ጣጂው አላላትም እንዴ ሚስቱን? ፓስታ ደግሞ እንደ ሽሮ አይደለም፣ አይጠብቅም። ወደ ቤቱ ይሂድ በይው።"

ነገረችው። አልገባውም፤ ያስቀየመን መሰለው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እንደገና አስረዳችው። ከዚያ ጀልባውን በአንድ ምት አዞረና በኃይል መቅዘፍ ጀመረ። እንደዚያ ሲቀዝፍ የእኛዎቹን አይቼ አላውቅም። ሲያወርደን ሁለታችንንም በክንዳችን ደገፈን፣ ሸራውንም በጥድፊያ አለበሰና በድልድዩ ላይ ሮጦ ጠፋ።

ትልቁን ቦይ ሳላየው ቀረሁ። ያየ ሰው ያምራል ይላል።

እሁድ፣ ከዚያም በኋላ

ሲኞራዋ ለእትዬ በለጡ የሚሆን የሰበካቸውን ሻማ ሰጡኝ፤ ከማርቆስ ነው ብዬ ልዋሽ ነበር፣ ግን እውነቱን ተናገርኩ። እትዬ በለጡ ተቀብለው፣ "የማርቆስ ጎረቤትም ያው ነው" አሉ። ትዕግስትም ትንሽ ነገር ላከች፤ ትንሿ ነገር የወይራ ዘይት፣ ሁለት ጫማና አንድ ሙሉ አይብ ነበረች። በመመለሻውም ስሜ የተጠራው መጨረሻ ላይ ነው።

በማግሥቱ የማኅበሩ ሴቶች እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ስለ ሙዚየሙ የጠየቀኝ የለም። እትዬ በለጡ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "እንዲያው ያ ነገር፣ ጌታሁን ነፍሱን ይማርና የሚሟገትበት፣ ይዘፍናሉ?" አሉ።

"አይዘፍኑም" አልኳቸው። "ሥራ ላይ ናቸው።"

ሲሄዱ ፍሪጁን ከፈትኩ። ለትዕግስት ሊሄድ የነበረው ቅቤ እንደተቀመጠ ነው። ድስቱን አወረድኩ፣ ሽንኩርት ከተፍኩ። ሜላት ከሥራ ስትወጣ ደወለች፤ ከኋላዋ የኤርፖርቱ ጫጫታ ይሰማል።

"እማዬ፣ ወጣሁ። ምግብ ይዤ ልምጣ?"

"ምንም አትያዥ። ሽሮ ጥጃለሁ።"

"ሽሮ?" አለች። ከዚያ "እሺ፣ መጣሁ" አለች። ሀይዌዩ ላይ አደጋ ነበርና ቆየች፤ ሽሮው ትንሽ ወፈረ። በላነው።